መልስ ስንጠብቅ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ከአጂፕ መርካቶ በባጃጅ እስክደርስ ስልኬን ስንቴ እንደከፈትኩ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። አጋሮ ያለ ጓደኛዬን ብር እንዲያበድረኝ በዋትስአፕ ጠይቄው ነበር። ዝም። የዚያን ቀን ያልተሳሳትኩት ነገር የለም።

ከመልእክቱ ጎን ያለውን ራይት እንደ ፍርድ ማንበብ። ዋናው ይሄ ነው። ቴሌግራም ላይ ሁለት ራይት ማለት ተነቧል ማለት ነው። ዋትስአፕ ላይ ግን ሁለት ግራጫ ራይት መልእክቱ ስልኩ ላይ መድረሱን ብቻ ነው የሚናገረው። መነበቡ የሚታወቀው ሰማያዊ ሲሆን ነው፤ ያንንም ሰውየው ከሴቲንግ ሊያጠፋው ይችላል። እኔ ግራጫውን አይቼ «ሲን አድርጎ ዘጋኝ» ብዬ ተንጨረጨርኩ። ለካ ስልኩ እቤት ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፣ እሱ ቡና ለቀማ ላይ ነው።

ላስት ሲን መሰለል። ቴሌግራሙንም ከፍቼ አየሁ። «ላስት ሲን ሪሰንትሊ» ይላል። እኔ «አሁን ነበረ» ብዬ ተረጎምኩት። መጨረሻ የገባበትን ሰዓት ለደበቀ ሰው የሚወጣ ጽሑፍ ነው እንጂ፣ እስከ 3 ቀን ድረስ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። ደግሞ ኦንላይን ቢሆንስ? ከእናቱ ጋር እያወራ ይሆናል።

መልእክት መደራረብ። መጀመሪያ «?» ላክሁ። ቀጥሎ «አለህ?»። ከዚያ «እሺ ተወው»። በዚህኛው እስካሁን አፍራለሁ። ልሰርዘው አሰብኩ፤ ግን ዋትስአፕ ላይ ለሁሉም ሲሰረዝ መልእክት መሰረዙን የሚናገር አሻራ ይቀራል። እሱ ደግሞ ይብሳል።

«ሰላም ነው?» ብሎ ብቻ መቀመጥ። እኛ ዘንድ ያለ ሰላምታ ጉዳይ አይነሳም፣ እሺ። ግን ጉዳዩንም እዚያው አያይዙት፤ እስከ መቼ እንደሚያስፈልጋችሁም ጻፉ። «ሰላም» ብቻ ያየ ሰው እንደቸኮላችሁ በምን ይወቅ?

አለመደወል። ጅማ ላይ ዝናብ ሲጥል መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርኩም ይከተለዋል። ነገሩ ከቸኮለ ደውሉ። ማታ ስደውል ወዲያው አነሳው።

«ምነው፣ ቤት ሰላም ነው?» አለ ደንግጦ። ነገርኩት። «ታዲያ ቀን አትደውልልኝም ነበር? ስንት ልላክ?»

ስልኩን እንደዘጋሁ ራይቶቹ ሁሉ ሰማያዊ ሆኑ። «እሺ ተወው» የሚለውም ጭምር።