የቃሪያ ችግኝ ቤት ውስጥ ማፍላት፦ ችግርና መፍትሄ

ሁለት ሳምንት አለፈው፣ አልበቀለም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዘሩ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የከለከለው ብርድ ነው። የቃሪያ ዘር አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅለት በ8 ቀን ገደማ ብቅ ይላል። 20 ዲግሪ ላይ ወደ ሁለት ሳምንት ይጠጋል፤ 15 ላይ ከሦስት ሳምንት በላይ ይፈጃል፤ 10 ላይ ጭራሽ አይበቅልም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ቀን ብዙ ነው። የኮንዶሚኒየም መስኮት ጠርዝ ላይ ያደረ እርጥብ አፈር አብሮ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ፀሐይ ቢያገኘውም ቶሎ አይሞቅም።

ቃሪያ ለመብቀል ብርሃን አይፈልግም። ስለዚህ ለጊዜው መስኮቱን ተዉትና ሙቀት ፈልጉለት። የፍሪጅ አናት በእጅ ሲነካ ሞቅ የሚል ከሆነ ጥሩ ቦታ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው ዘሩን በረጠበ (ውሃ በማያንጠባጥብ) ሶፍት ጠቅልሎ፣ ፌስታል ውስጥ አድርጎ እዚያ ማስቀመጥ ነው፤ የበቀለውንና ያልበቀለውን በዓይን ታያላችሁ። ነጭ ሥር ብቅ ሲል፣ ሥሩ እንዳይሰበር ተጠንቅቃችሁ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አፈር አልብሱት። የእንጀራ ምጣድ አጠገብ ግን አታስቀምጡት፤ በመጋገሪያ ቀን ዘሩን ያቃጥለዋል፣ በሌላው ቀን ምንም ሙቀት አይሰጠውም።

ሚጥሚጣ ከቃሪያ ይዘገያል። አንድ ወር ሳይሞላው አትድፉት።

ሙቀቱ ተሟልቶም ካልበቀለ፣ አሁን ወደ ዘሩ እንሂድ። ከጉሊት ከተገዛ አረንጓዴ ቃሪያ የወጣ ዘር አብዛኛውን ጊዜ አልበሰለም፤ ዘር የሚያዘው ተክሉ ላይ እንዳለ ቀልቶ ከበሰለ ፍሬ ነው። ከዛላ በርበሬም ማውጣት ይቻላል፤ በፀሐይ ብቻ የደረቀ፣ ሻጋታ ያልነካው፣ ያልከረመ መሆን አለበት። ምጣድ ላይ የታመሰ አይበቅልም። ከዲቃላ ዝርያ የተወሰደ ዘር ይበቅላል፣ ፍሬው ግን እናቱን ላይመስል ይችላል። ዘር ስታወጡ ጓንት አድርጉ፤ ቃሪያ የነካ እጅ ዓይን ከነካ ሥቃዩ ከባድ ነው።

በቀለ፣ ግን ቀጥኖ ረዘመ

ብርሃን አንሶታል። ብቅ ባለበት ቀን ከሞቃቱ ቦታ ወደ ብርሃን መዛወር ነበረበት፤ አንድ ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ግንዱ ክር ይሆናል።

የትኛው መስኮት እንደሚሻል እንደየወቅቱ ይለያያል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በታኅሣሥ በደቡብ በኩል፣ በሰኔ ደግሞ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በበጋ ብርሃን የሚሞላው የደቡብ መስኮት ሰኔ ላይ ቀጥታ ፀሐይ አያገኝም። ባለፈው ታኅሣሥ ያማረ ችግኝ የሰጠ ቦታ በክረምት ሲያቀጥን ብዙ ሰው ምክንያቱ አይገባውም። ምርጫ ካላችሁ የምሥራቁን መስኮት ያዙ፤ ዓመቱን ሙሉ የጠዋት ፀሐይ ይመጣበታል፤ በክረምት ደግሞ ደመናው የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው።

መስኮት ከሌለ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ከችግኙ አናት 15 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት አብሩለት። የረዘመውም አይጣልም፤ ስታዛውሩት እስከ መጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ሥር ድረስ ቀብራችሁ ትከሉት።

ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ወድቆ ተገኘ

ግንዱን አፈሩን ከሚነካበት ላይ እዩት። ቀጥኖ፣ ጠቁሮ ወይም ውሃ የቋጠረ መስሎ ከሆነ፣ እንደ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ያሉ አፈር ወለድ በሽታ አምጪ ተዋሲያን ናቸው። የወደቀው አይድንም። ከነአፈሩ አውጥታችሁ ጣሉት፣ የቀሩትን ለማትረፍ ፍጠኑ፦ የሸፈናችሁበትን ፕላስቲክ ግለጡ፣ አየር አስገቡ፣ የአፈሩ ገጽ እስኪደርቅ ውሃ አታጠጡ።

ከዚያ በኋላ ከላይ ማጠጣቱን ተዉት። ሥሩ የተበሳ የእርጎ ኩባያ ወይም የተቆረጠ ሃይላንድ ውሃ ባለው ሳህን ላይ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፤ አፈሩ የሚበቃውን ከሥር ይስባል፣ የተረፈውን ድፉ። ለቀጣዩ ዙር ከድሮ ማሰሮ የተገለበጠ አፈር አትጠቀሙ። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አፈርና አሸዋ ቀላቅላችሁ፣ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ሲቀዘቅዝ ዝሩበት።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ ወይም ወየበ

ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ጭቃ ከሆነ ሥሩ ታፍኗል፤ ውሃ አቁሙ። አፈሩ ደህና ሆኖ የታችኞቹ ቅጠሎች ብቻ ከገረጡ ናይትሮጅን ጠይቋል፤ የኮምፖስት ጭማቂ በደንብ አቅጥናችሁ ስጡት። ዩሪያ እንዲህ ያለውን ለጋ ሥር ያቃጥላልና አትጨምሩበት። ሐምራዊ ቀለም ከታየ በብርድ ምክንያት ፎስፈረስ መሳብ አቅቶት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ አሙቁት።

የዘሩ ቅርፊት ቅጠሉን ይዞ ቀረ

በጣታችሁ አትጎትቱት። የውሃ ጠብታ አድርጉበትና ከሰዓታት በኋላ በቀስታ አላቁት።

ነፍሳት መጡ

ከአፈሩ ላይ የሚነሱ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች የሚራቡት እርጥበት ሲበዛ ነው፤ ገጹን አድርቁ፣ ደረቅ አሸዋ አልብሱት። ክሽክሽ ከቅጠሉ ሥር ከታየ በቀጭን የሳሙና ውሃ እጠቡት፤ በየሦስት ቀኑ መደገም አለበት።

በረንዳ ሲወጣ ቅጠሉ ነጣ

ፀሐይ አቃጥሎታል። የደጋ ፀሐይ ለቤት ችግኝ ኃይለኛ ነው። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ በጠዋት፣ ጥላ ባለበት አውጡት፤ በየቀኑ ጥቂት እየጨመራችሁ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን አለማምዱት። የነጣው ቅጠል አይመለስም፣ ከመሃል የሚወጣው አዲሱ አረንጓዴ ከሆነ ግን ተክሉ ደህና ነው፤ ሌሊቱ እስኪሞቅ ድረስ ማታ ማታ ወደ ቤት መልሱት።