ኮምፒውተራችሁ 2⁶⁷−1 «በ2 ይካፈላል» ሲላችሁ

ቁጥሩ ይሄ ነው፦ 147573952589676412927። የሒሳብ ሊቁ ሜርሴን በ1644 ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው ብሎ ዘርዝሮት ነበር። ሌላው የሒሳብ ሰው ሉካ በ1876 ተተንታኝ (ሌሎች አካፋዮች ያሉት) መሆኑን አረጋገጠ፤ አካፋዮቹን ግን አላገኘም። እነሱን ያወጣቸው ኮል ነው፣ በ1903፦ 193707721 እና 761838257287። ፕሮግራም ለሚማሩ ልጆች አካፋዮቹን መፈለግን እንደ መልመጃ እሰጣለሁ። ብልሽቱም ዞሮ ዞሮ እኔው ጋ ይመጣል።

መልሱ 7 ሆነ

ጃቫ ላይ 2⁶⁷ን ቢት እየገፋችሁ (<<) ነው የሠራችሁት። 67 ስትሉት የሚወስደው በ32 ወይም በ64 ሲካፈል የሚተርፈውን 3ን ብቻ ነው፤ 2³ ማለት 8፣ 8 ሲቀነስ 1፣ 7። «ብቸኛ ነው!» ብሎ በደስታ የመጣ ልጅ አለ። የትልልቅ ቁጥር መያዣውን፣ ቢግኢንቲጀርን ተጠቀሙ።

በ2 ይካፈላል አለ፣ ወይም መጨረሻው ዜሮ በዜሮ ሆነ

ዋናው በሽታ ይሄ ነው። ቁጥሩ በፍሎት (በነጥብ ለሚጻፉ ቁጥሮች በተሠራው መያዣ) ተይዟል ማለት ነው። ፍሎት በትክክል የሚይዘው 53 ቢት ነው፤ ከ9007199254740992 በላይ ጎደሎ ቁጥር የሚባል አያውቅም። እኛ ያለንበት ሰፈር ደግሞ ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ 16384 ይዘላል። እዚያ ላይ 1 መቀነስ ከጤፍ ኩንታል አንዲት ፍሬ እንደ ማንሳት ነው፤ ሚዛኑ አይነቃነቅም። የሚቀራችሁ 2⁶⁷ ራሱ ነው፣ እሱ ደግሞ በ2 ይካፈላል።

ኤክሴል 147573952589676000000 ብሎ ያሳያችኋል። ጃቫስክሪፕት 147573952589676410000 ይላል። ሁለቱም ስህተት ነው፣ ሁለቱም «ስህተት አለ» አይሉም። የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

አንዱ ተማሪ በእኩለ ሌሊት በቴሌግራም «ኮል ተሳስቷል» ብሎ ጻፈልኝ። አካፋዮቹን ኤክሴል ላይ አባዝቶ ነው። «ወረቀት አውጣ፣ የመጨረሻዎቹን አሃዞች ብቻ አባዛ» አልኩት። 1 በ7፣ 7። ዜሮው ከየት መጣ? ዝም አለ።

ሌላዋ ፓይተን ላይ ነበረች። ፓይተን ሙሉ ቁጥርን አሟልቶ ይይዛል፤ ግን በአንድ እዝባር (/) አካፍላ «ውጤቱ ሙሉ ቁጥር ነው ወይ?» ብላ ጠየቀችው። አንዱ እዝባር ወደ ፍሎት ይመልሰዋል። ከ2 እስከ 32768 ያለው ቁጥር ሁሉ «አካፋይ» ሆኖ ተደረደረላት! ገጹ አላልቅ ቢላት ነው የደወለችው።

መፍትሄው፦ ፓይተን ላይ ቀሪውን በ% እዩ፣ ስታካፍሉ // ተጠቀሙ። ጃቫስክሪፕት ላይ የትልልቅ ቁጥር መያዣውን፣ ቢግኢንትን። ግን ከመነሻው! በፍሎት ካሰላችሁ በኋላ ወደ ቢግኢንት ብትቀይሩት የጠፋ አሃዝ አይመለስም። ተራውን የካሬ ሥር ፋንክሽንም አትመኑት፣ እሱም ፍሎት ነው። ኤክሴልን ለደመወዝ መክፈያ ተዉት። ትክክለኛውን መልስ አግኝታችሁ እዚያ ላይ እንዳትለጥፉት፤ ከ15 አሃዝ በኋላ ያለውን ይበላዋል።

የፌርማ ፈተና «ብቸኛ ሊሆን ይችላል» አለ

ይህ ቁጥር ብቸኛ መሆኑን መፈተሻ ነው፤ መነሻውን 2 አድርጋችሁ ስለፈተናችሁት ነው እንዲህ ያለው። ርቢው (እዚህ 67) ብቸኛ የሆነ የዚህ ዓይነት ቁጥር ሁሉ በ2 ሲፈተን ያልፋል። በ3 ሞክሩ፤ ቁርጡን ከፈለጋችሁ ለዚህ ዓይነት ቁጥር የተሠራውን የሉካና ሌመርን ፈተና አስኪዱ።

ፕሮግራሙ አያልቅም

ከ2 ጀምሮ አንድ በአንድ እየሞከራችሁ ነዋ! ብቸኛ ቁጥር የሆነ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ በ134 (2 በ67) ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። በ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7። ትንሹ አካፋይ 134 በ1445580 ተባዝቶ 1 ሲደመር ነው። በ134 እየዘለላችሁ ሂዱ፤ አቦል እስኪቀዳ አይቆይም።

ሁሉም ልክ ነው፣ ብዜቱ ግን አልገጥም አለ

ስትገለብጡ አሃዝ ስታችኋል። የቁጥሩ አሃዞች ድምር 109 ነው፣ በ9 ቀሪው 1። የአካፋዮቹ 37 እና 64፣ የሁለቱም ቀሪ 1፤ 1 በ1 ደግሞ 1፣ ይገጥማል። የእናንተ ካልገጠመ አሃዝ ስታችኋል። የዘለላችሁት 0 ወይም 9 ከሆነ ግን ይሄ አያጋልጣችሁም፤ 21 አሃዝ መሆኑን በጣታችሁ ቁጠሩ።