የእጅ ባትሪያችሁ ብልጭ ድርግም ሲል፦ ፍጥነቱን እንደ ሥራው እንዴት እንደምትመርጡ

ቻርጅ የሚደረጉት የእጅ ባትሪዎች አብዛኞቹ ቁልፋቸው አንድ ነው። መጀመሪያ ሙሉ ይበራል፣ ሲደገም ደብዘዝ ይላል፣ ሲሠለስ ብልጭ ድርግም ይላል። ብዙ ሰው ይሄን የመጨረሻውን ቶሎ ያልፈዋል፤ ወይም ልጆች ይጫወቱበታል። እኔ ግን ከሁሉም ሞድ አብልጬ የምከራከርለት እሱን ነው፤ ሌሊት መንገድ ላይ መኪና ሲበላሽ ከሙሉው መብራት በላይ ሊያድን ይችላልና።

ቁም ነገሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። ዝግ ያለው ብልጭታ ሰው እንዲያያችሁ ነው፤ ፈጣኑ ደግሞ ፊት ለፊታችሁ የቆመው ሰው እንዳያያችሁ። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ከነጭራሹ ካለመጠቀም ይብሳል።

1. በሰከንድ ስንቴ እንደሚበራ እወቁ

ብልጭታቸው በሦስት ይከፈላል። ርካሾቹ አንድ የማይለወጥ ፍጥነት አላቸው። አንዳንዶቹ ራሳቸው ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ያደርጉታል። ሌሎቹ ደግሞ ፍጥነቱን እናንተው እንድታስተካክሉ ይፈቅዳሉ። አንዱሪል የሚባለው ሶፍትዌር የተጫነባቸው ባትሪዎች ከዚህኛው ወገን ናቸው። ከጠፋበት ሁለቴ ጫን ጫን አድርጋችሁ በሦስተኛው ስትይዙት ወደ ብልጭታው ይገባል፤ እዚያ ቁልፉን ይዞ መቆየት ፍጥነቱን ይጨምራል።

ካርቶኑ ላይ ፍጥነቱ ካልተጻፈ በስልካችሁ ለኩት። ባትሪውን ወደ ግድግዳ አብሩና ግድግዳውን በስሎው ሞሽን ቅረጹ። ስልኩ በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ከሆነ፣ ቪዲዮው መልሶ ሲጫወት አብዛኛውን ጊዜ 8 እጥፍ ይዘገያል። ስለዚህ በ8 ሰከንድ ውስጥ የቆጠራችሁት ብልጭታ በእውነተኛው አንድ ሰከንድ ስንት እንደሆነ በቀጥታ ይነግራችኋል። 120 የሚያነሳ ከሆነ 4 ሰከንድ ቁጠሩ። አንዳንድ ስልክ የቪዲዮውን መጀመሪያና መጨረሻ በመደበኛ ፍጥነት ስለሚያጫውት ከመሀል ቁጠሩ።

2. ለመታየት፦ በሰከንድ 1 ወይም 2

የመኪና ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ይበራል። የሹፌር ዓይን የለመደው ይሄንን ስለሆነ ከዚያ አትራቁ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስበው ችግር አለ። ብልጭታ ትኩረት ይስባል እንጂ ርቀት አይናገርም። ሹፌሩ በጨለማ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ሲል ያያል፣ ወዲያው ይጠፋበታል። ሃምሳ ሜትር ይሁን ሁለት መቶ፣ የቆመ ይሁን የሚንቀሳቀስ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ብልጭታው ብቻውን አይበቃም፤ አብሮት የማይጠፋ ብርሃን ያስፈልጋል። ጥሩ ባትሪዎች ላይ ለብስክሌት ተብሎ የተሠራ ሞድ አለ። ደብዘዝ ብሎ ሳይጠፋ ይቆያል፣ በሰከንድ አንዴ ገደማ ደመቅ ይላል። ይሄ ሞድ ያለው ባትሪ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ግዙት።

ከሌላችሁ ሁለት ባትሪ ተጠቀሙ። መኪና ቆሞባችሁ ከሆነ መጀመሪያ አራቱን ፍሬቻ አብሩ፣ ባለሦስት ማዕዘኑን ምልክት አስቀምጡ። አገራችን ውስጥ ሹፌሮች ከኋላ ድንጋይና ቅጠል የሚደረድሩት ልማድ ቀን ላይ ጥሩ ነው። ሌሊት ግን ያልበራበት ድንጋይ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ አንዱን ባትሪ ሳይጠፋ የመኪናውን ኋላ እንዲያበራ አድርጉት። ብልጭ የሚለውን ራቅ አድርጋችሁ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ መሬቱን እንዲያበራ አስቀምጡት። ሹፌር ዓይን ላይ በፍጹም አታነጣጥሩ፤ ፈጣኑን ብልጭታማ ጭራሽ አታስቡት። የሲኖትራክ ሹፌር ዓይኑ ከጠፋበት መጀመሪያ የሚገጨው እናንተን ነው።

ብርሃኑ በሁሉም አቅጣጫ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ባትሪውን አቁማችሁ ራሱን በነጭ ፌስታል ሸፍኑት። ሙሉ ኃይሉ ላይ ግን አይሁን፤ ጠንካራ ባትሪ ስለሚግል ፌስታሉን ያቀልጠዋል።

ጣርማበር አካባቢ እንዳለው ዓይነት ጭጋግ ውስጥ ደግሞ ብልጭታው ተመልሶ የሚመታው የራሳችሁን ዓይን ነው። ባትሪውን ከእጃችሁ አውጥታችሁ መሬት ላይ አኑሩት።

አውሮፓ ሆናችሁ በብስክሌት የምትሠሩ ደግሞ ሕጉን እወቁ። ጀርመን ውስጥ ብስክሌት ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አይፈቀድም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ትፈቅዳለች፤ ፍጥነቱ ግን በደቂቃ ከ60 እስከ 240 መሆን አለበት።

3. እርዳታ ለመጥራት

ኤስ ኦ ኤስ የሚባለው ሞድ ሦስት አጭር፣ ሦስት ረጅም፣ ሦስት አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የባሕር ጥሪ ሆኖ ኖሯል። ተራራ ላይ ግን ከዚያም የቆየ ምልክት አለ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ፣ ማለትም በየ10 ሰከንዱ አንዴ ታበራላችሁ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ታርፉና ትደግማላችሁ። ያያችሁ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ አብርቶ ይመልሳል። ስሜን ተራሮች ላይ ከቡድናችሁ ብትነጠሉ እኔ የምመርጥላችሁ ይሄንን ነው። በእጅ ይሠራል፣ ልዩ ሞድ አይጠይቅም፣ ባትሪውም ሌሊቱን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ኤስ ኦ ኤስ ብዙውን ጊዜ በሙሉ ኃይል ስለሚሠራ ቶሎ ይጨርሳል።

4. የሚሽከረከር ነገር ለማየት

ብልጭታው ከዙሩ ጋር ሲገጥም የሚሽከረከረው ነገር የቆመ ይመስላል፤ በዚህም ስንት ዙር እንደሚዞር ማወቅ ይቻላል። ፍጥነቱ የሚስተካከል ባትሪ ካላችሁ ብቻ ነው ይሄ የሚሆነው። የቬንቲሌተሩ አንድ ምላስ ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ክፍሉን አጨልሙ፣ ፍጥነቱን ቀስ እያላችሁ ለውጡ። በሰከንድ 10 ጊዜ ሲበራ ምልክቱ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ከመሰለ፣ ቬንቲሌተሩ በደቂቃ 600 ዙር እየዞረ ሊሆን ይችላል። 1,200 ዙር ቢዞርም ግን በዚሁ ፍጥነት የቆመ ይመስላል። ለማረጋገጥ የብልጭታውን ፍጥነት ከፍ እያደረጋችሁ ሂዱ፤ ምልክቱ አንድ ሆኖ የሚቆምበት ከፍተኛው ፍጥነት ነው ትክክለኛው። የቆመ መሰለ እንጂ አልቆመም፤ እጅ አይገባም። ወፍጮ ቤትና ጋራዥ ውስጥ በዚህ መብራት አትሥሩ።

5. ፈጣኑ፦ ከ10 እስከ 20

ይሄኛው ራስን ለመከላከል የተሠራ ነው። ጨለማ የለመደ ዓይን ድንገት በኃይለኛ ብልጭታ ሲመታ ለጥቂት ሰከንድ ይደነብራል፣ ብርሃኑም ከየት እንደሚመጣ በትክክል ለመለየት ይቸገራል። ፍጥነቱ ራሱን የሚለዋውጠው ዓይነት የተሠራው ዓይን አንዱን ምት እንዳይለምደው ነው። ፊቱ ላይ አብሩ፣ ወደ ጎን ዞር በሉ፣ ሂዱ። በቃ። ለመሸሽ የሚሆን ጊዜ ነው እንጂ ለግብግብ አይሆንም። ቀን ላይ ብዙም አይሠራም። ነጭ ግድግዳ ያለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ እናንተንም ያደነዝዛል።

ለጥበቃ ሠራተኞች የምመክረው የማይቋረጠውን ሙሉ መብራት ነው። የሰውየውን እጅ ማየት አለባችሁ፤ በብልጭታ ውስጥ እጅ አይታይም። ሦስት ጊዜ ካልተጫነ ብልጭታ የማይሰጥ ባትሪ ደግሞ ራስን ለመከላከል አይረባም። ቁልፉን ይዞ በመቆየት በቀጥታ የሚገባውን ፈልጉ።

በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ባለው ፍጥነት የሚበራ ብርሃን አንዳንድ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሊጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ በቴሌቪዥን የታየ አንድ ካርቱን በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ ቀይና ሰማያዊ ብልጭ አለ፤ ከ600 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ሆስፒታል ገቡ። ስለዚህ ልጆች በዚህ ሞድ አይጫወቱ፤ ሠርግ ቤት ለማድመቅም አይሁን። ብልጭታው የሚረብሸው ሰው ዓይኑን መጨፈኑ ብቻ አይበቃም፣ ብርሃኑ በዓይኑ ቆብ ያልፋል። አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ፊቱን ያዙር። ሰው ከወደቀ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፣ አፉ ውስጥም ምንም አታስገቡ። ዙሪያውን አጽዱለት፤ መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ አስተኙት፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ቦርሳ ውስጥ ስትከቱት የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ፈታ አድርጉት። ብዙዎቹ ባትሪዎች በዚህ ይቆለፋሉ፤ ቁልፉ ሳይታወቅ ቢጫንም አይበሩም።