የስፖርት መኪና የፍሬን ዘይት በቤት ውስጥ እንዴት ይቀየራል?

ዌስት ቨርጂኒያ በሚገኘው የሰሚት ፖይንት የመኪና መሽቀዳደሚያ ሜዳ፣ ረጅሙ ቀጥተኛ መንገድ ሲያልቅ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ አለ። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪናዬን ይዤ አራተኛውን ዙር ስጀምር እዚያ ኩርባ ላይ ፍሬን ረገጥሁ፤ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሰምጦ ወለሉ አጠገብ ደረሰ። ደጋግሜ እየረገጥሁ፣ ማርሽ እየቀነስሁ ከአስፋልቱ ወጥቼ ሣር ላይ ቆምሁ። ሸራዎቹ አዲስ ነበሩ። ዘይቱ ግን መኪናዋን ከገዛሁ ጀምሮ አልተቀየረም ነበር።

የአባይ በረሃን ቁልቁለት የሚያውቅ ሾፌር ምክንያቱን አያጣውም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ በከባድ ማርሽ የሚወረደው ፍሬኑ እንዳይግል ነው። የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲጫኑት ይታመቃልና የእግርዎ ኃይል ሸራው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ፣ መኪናውን መሽቀዳደሚያ ሜዳ ላይ የሚነዱ ከሆነ ደግሞ በየዓመቱ ይቀይሩት።

አንድ ሊትር ያልተከፈተ ዶት 4፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የማስተንፈሻውን ብሎን (በየጎማው ፍሬን ላይ ያለውን የዘይትና የአየር መውጫ) ዙሪያውን የሚይዝ ቀለበት መፍቻ፣ ዝቅተኛ ክሪክና ጠንካራ የብረት መደገፊያዎች ያዘጋጁ። ዓምና ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የቆየ ዘይት አይጠቀሙ። ዶት 5 የሲሊኮን ዘይት ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ብቻዬን ልሠራ ብዬ የመምጠጫ ፓምፕ ገዝቼ ነበር፤ አልመክረውም። በብሎኑ ጥርስ በኩል አየር ስለሚስብ አረፋው አያልቅም፤ ሥራው ማለቁንም ማወቅ አይቻልም።

መኪናው መሬት ላይ እንዳለ የጎማዎቹን ዳዶዎች ያላሉ፤ ከዚያ መመሪያ መጽሐፉ በሚያሳየው ቦታ ያንሡትና በመደገፊያዎቹ ላይ ያሳርፉት። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅዎንም አያስገቡ። ጎማዎቹን ያውልቁ። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን አካባቢ በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ይህ ዘይት ቀለም ይልጣል፣ ጠብ ካለም ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ይታጠባል። አሮጌውን ዘይት በሲሪንጅ መጥጠው አዲሱን እስከ ላይኛው ምልክት ይሙሉ። አዲሱ የነጣ ጠጅ ይመስላል፤ የእኔ አሮጌ ዘይት ጠላ መስሎ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ዋናው ሥራም ይኸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከማጠራቀሚያው በጣም ከሚርቀው ጎማ ነው፤ የእርስዎን መኪና ቅደም ተከተል ከመመሪያው ያረጋግጡ። ቱቦውን ማስተንፈሻው ላይ ሰክተው ሌላውን ጫፍ ጥቂት ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩት። ረዳትዎ ፔዳሉን በዝግታ ረግጦ ይይዛል። እርስዎ ብሎኑን ሩብ ዙር ያላሉ፤ ዘይቱ ይወጣል፣ ፔዳሉ ይወርዳል። ብሎኑን ያጠብቃሉ። ረዳትዎ እግሩን የሚያነሣው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ ታናሽ ወንድሜ ነበር ፔዳሉ ላይ የተቀመጠው። ሦስተኛው ጎማ ላይ ብሎኑን ማላላቴን ልነግረው «ለቀቅሁት» አልሁ፤ እርሱ «ልቀቀው» ያልሁት መስሎት እግሩን አነሣ። ወደ ጠርሙሱ ይወርድ የነበረው ዘይት ወደ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ ወደሚጫነው ክፍል) ሲመለስ በዓይኔ አየሁት። የቱቦው ጫፍ ከጠርሙሱ ዘይት በላይ ወጥቶ ስለነበር ሽምብራ የሚያክል አረፋ ተከትሎት ገባ። ያን ጎማ እንደ አዲስ ጀመርን። አሁን የምንጠቀመው አራት ቃላት ነው፦ እርሱ «ረግጫለሁ»፣ እኔ «ከፍቻለሁ»፣ እርሱ «ወርዷል»፣ እኔ «ዘግቻለሁ»። «ዘግቻለሁ» ሳይባል እግር አይነሣም።

አምስት ጊዜ ያህል ከተረገጠ በኋላ ሁልጊዜ ማጠራቀሚያውን ይሙሉ። ዘይቱ አልቆ አየር እስከ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ክፍል) ከገባ፣ አየሩን ለማስወጣት ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ሊያስፈልግዎ ይችላል። በቱቦው ውስጥ ንጹሕ ዘይት ያለ አረፋ ሲወርድ ወደ ሚቀጥለው ጎማ ይለፉ። ብሎኑ ትንሽና ውስጡ ባዶ ስለሆነ በኃይል ቢያጠብቁት ይሰበራል።

ጎማዎቹን መልሰው ዳዶዎቹን መመሪያው በሚያዘው ልክ ያጥብቁ። ሞተሩን አስነሥተው ፔዳሉን ይርገጡ፤ ሞተሩ ሲነሣ ጥቂት መውረዱ ያለ ነው፣ ከዚያ በኋላ ግን ጠንክሮ መቆም አለበት። ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ መኪናው ከግቢ አይውጣ። ጠንካራ ከሆነም መጀመሪያ ሰው በሌለበት ቦታ በዝግታ ይሞክሩት። አሮጌውን ዘይት በተዘጋ ዕቃ አድርገው አደገኛ ቆሻሻ ለሚቀበሉ ያስረክቡ።

ሜዳ ላይ ሲነዱ የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ብዙም ሳይነኩ በዝግታ ይንዱ፤ ዲስኮቹን ነፋስ ያቀዝቅዛቸው። ሲያቆሙ የእጅ ፍሬኑን አይሳቡ፤ የጋለ ሸራ ከጋለ ዲስክ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ማርሽ ውስጥ አስገብተው ጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ።