ምእመናን ከቅዳሴ በኋላ ለሰፈራቸው ችግረኛ እንዲቆሙ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያናችን በር እንዲህ ነው። ግንቡን ተደግፈው እናቶችና አባቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። እጅ ይዘረጋል፣ ሳንቲም ጠብ ይላል፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይባላል፣ አለቀ። እኔም ለዓመታት እንደዚያው አልፌያለሁ። ከክፋት አይደለም። ችግር ሲበዛብን ዓይናችን ይለምደዋል።

አንድ ጊዜ በሰንበት ትምህርት ቤታችን «ድህነትን እንዋጋ» ብለን ኮሚቴ አቋቋምን። ከ40 በላይ ሰው ስሙን አስመዘገበ። ሦስተኛው ስብሰባ ላይ አምስት ቀረን፤ ያውም አንዱ አዳራሹን የሚዘጋው ባለ ቁልፍ ነው። ኋላ ላይ የሠራልን መንገድ ይሄ ነው።

1. ስም ጠይቁ። ከአንዲት እናት አጠገብ ቁጭ ብዬ «እማማ፣ ስምዎት ማን ነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ልታደርግበት ልጄ? መዝጋቢ ሁሉ እንደሄደ አይመለስም።» የነገሩኝ በሁለተኛው እሁድ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የጤና መድን መታወቂያቸው ደግሞ ሳይታደስ ቀርቷል፤ የዓመቱን መዋጮ በአንዴ ከየት ያምጡት? በር ላይ የሚያገኟት ፍራንክ የዕለት ዳቦ ትሆናለች እንጂ አትጠራቀምም። እኛ ሳንቲም ስንጥል የከረምነው ዋናውን ችግራቸውን ሳናውቅ ነበር።

2. አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ። ጽዋ ማኅበር አለላችሁ። በየወሩ ይገናኛል፣ ተረኛ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። ከዚህ የተሻለ አደረጃጀት ማን ይሠራል? ድግሱን ቀለል አድርጉና በተረፈው የአንድ ቤተሰብ መዋጮ ክፈሉ። ግን ተጠንቀቁ፤ ተረኛዋ ብቻዋን ድግስ ብትቀንስ «ሰስታ ነው» ትባላለች። ውሳኔው የማኅበሩ ይሁን፤ ሁሉም እኩል ይቀንስ።

3. አባቶችን አስቀድሙ። ሰበካ ጉባኤው ነገሩን ከሌላ ሰው ከሰማ ያኮርፋል፤ አይፈረድበትም። ቅዱስ ባስልዮስን ሁላችንም በቅዳሴው እናውቀዋለን። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቂሣርያ ረኃብ ሲገባባት፣ ጎተራቸውን የቆለፉ ሀብታሞችን የገሠጸና የተራቡትን ያበላ እሱ ነው። ኋላም ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሕሙማንና የድሆች ማረፊያ አሠርቷል። ይህን ካህኑ ዐውደ ምሕረት ላይ ሲናገሩትና እኔና እናንተ ስንናገረው አንድ አይደለም።

4. ሰውን በስሙ ጥሩ። «የምትችሉ ተባበሩን» ሲባል ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። «ወንድሜ፣ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት እማማን ጤና ጣቢያ ታደርሳቸዋለህ?» ስትሉት ግን ወይ እሺ ይላል ወይ አልችልም። እኛ ጋ አብዛኛው እሺ ብሏል።

5. ገንዘቡን በሁለት ሰው ቁጠሩ። ደረሰኝ ያዙ፣ በየወሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። የተረጂዎችን ፎቶ ግን ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። የመቶ ብር እርዳታ ሰጥቶ የሰውን ፊት አደባባይ ማስጣት ምን የሚሉት ጽድቅ ነው!

6. እድሩንና መስጊዱን አነጋግሩ። ችግረኛው የሰፈር ነው። ዘካ የሚገባቸውን ቁርኣን ስምንት ወገን አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ማን ምን እንደጎደለው አጣርተው መስጠት ያውቁበታል። ዝርዝራችሁን ብታስተያዩ ሁለቴ የሚረዳም፣ ጭራሽ የተረሳም ይገኛል።

እማማ አሁንም በሩ ላይ ይቀመጣሉ። መታወቂያቸው ታድሷል፣ ምርኩዝም ይዘዋል። አዲስ ሰው ግንቡ ሥር ሲቀመጥ ቀድመው ስሙን የሚጠይቁትና ለእኛ የሚነግሩን እሳቸው ናቸው።