ሙዚቃን ከእግር ጀምሮ ማስተማር

ልጁ ኖታውን አሳምሮ ያነባል። ጣቱም ቦታውን አይስትም። ሲጫወት ግን አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይጎተታል። የስዊዘርላንዱ ሙዚቀኛ ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ በጄኔቫ ኮንሰርቫቶሪ፣ ማለትም በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ፣ ሲያስተምር ያስጨነቀው ይኸው ነበር። እነዚያው ተማሪዎች መንገድ ላይ ሲሄዱ ግን እርምጃቸው አይዛነፍም። ስለዚህ ትምህርቱን ከእግራቸው ጀመረ። እናንተም ቤት ውስጥ ሆነ ክፍል ውስጥ ከዚያው መጀመር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ወለሉን ነጻ አድርጉ። ጫማም ካልሲም ይውለቅ፤ ካልሲ ያንሸራትታል። ፒያኖ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ከበሮ ይበቃል።

ቀጥሎ ልጆቹ በራሳቸው ፍጥነት ይራመዱ። እናንተ እነሱን እየተከተላችሁ ተጫወቱ። እባካችሁ ይህቺን አትዝለሏት። የልጅ እግር አጭር ነው፤ ለእናንተ የሚመቸው ፍጥነት ለእሱ ላይመቸው ይችላል። ሙዚቃው እግሩን ሲከተለው ደግሞ ጆሮው ይነቃል። ያን ጊዜ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ለውጡት፤ አሁን ተከታዩ እሱ ነው። በአፍ «ፍጠን»፣ «ቀስ በል» አትበሉት። ድምፁ ይንገረው።

እርምጃው ሲደላደል ወደ ኖታ ርዝመት እለፉ። ለአንድ ምት አንድ እርምጃ ሩብ ኖታ ይሁን። በአንድ ምት ሁለት ፈጣን እርምጃ ስምንተኛ ኖታ ነው፤ ልጆች ሩጫ ስለሚሆንላቸው ይወዱታል። ለሁለት ምት አንድ እርምጃ ደግሞ ግማሽ ኖታ። ከባዱ ይሄ ነው። ብዙ ልጅ እግሩን ቶሎ ያሳርፍና ቆሞ ሁለተኛውን ምት ይጠብቃል። ድምፁ ግን አልቆመም፣ ገና እየሄደ ነው። ክንዱን ላስቲክ እንደሚስብ ሰው እየዘረጋ፣ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ዝግ ብሎ እንዲያሻግር አሳዩት። በምትና በምት መሃል ያለውን ጊዜ ሰውነቱ ሲሞላው በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከሁሉም ረጅሙን ሰዓት ለዚህ ስጡ።

አሁን ድንገተኛ ለውጥ ጨምሩ። ዳልክሮዝ «ሆፕ!» ይል ነበር። ቃሉን ሲሰሙ ከእርምጃ ወደ ሩጫ ይቀይሩ። ወይም ለ4 ምት ቀጥ ብለው ይቁሙና በልባቸው ቆጥረው እኩል ይነሱ። መጀመሪያ ላይ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። አትቆጡ፣ ድገሙት።

መራመድ የማይችል ልጅ ካለ ምቱን ጭኑ ላይ መታ መታ ያድርግ፤ ረጅሙን ኖታ በክንዱ ይሳብ።

ወረቀት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሦስቱን ኖታዎች ጻፉና «የሮጥንበት የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ መሣሪያ ይዞ መፍጠን ሲጀምር ደግሞ «ቁጠር!» ብላችሁ አትጩኹበት። መሣሪያውን ያስቀምጥ። ያቺን ቦታ እያዜመ ሁለቴ ይራመዳት። ከዚያ ቁጭ ብሎ ይጫወታት።