ከስም መጥሪያ የጠፉ ልጆች፦ ትምህርት ማቋረጥን በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለማጥናት

«የትምህርት ጥራት ለምን ወደቀ» የሚል ርዕስ ይዞ ገጠር የወረደ ተማሪ ሁሉም የሚያውቀውን ይዞ ይመለሳል። ጥያቄውን አጥብቡት፦ በአንድ ትምህርት ቤት፣ 5ኛ ክፍል፣ መስከረም ተመዝግበው ሰኔ ላይ ያልተገኙት የማን ልጆች ናቸው?

መነሻው የምዝገባ መዝገቡና የክፍል ኃላፊው ስም መጥሪያ ነው። ሁለቱን አመሳክራችሁ እያንዳንዱ ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘበትን ሳምንት ጻፉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የተቋረጠ ስም አጨዳና ውቂያን፣ ከጥር ወዲህ የተቋረጠ የሴት ልጅ ስም ሠርግን ሊጠቁም ይችላል። ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ስሌቱ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከ62 ተመዝጋቢዎች ሰኔ ላይ 48 ተገኙ እንበል። የጎደሉትን 14 ለ62 አካፍሎ «22.6 በመቶ አቋረጡ» ማለት አይቻልም። 5ቱ መሸኛ ወስደው ሌላ ትምህርት ቤት ገብተው ከሆነ ያቋረጡት 9 ናቸው፤ የሚካፈሉትም ለ57 ነው፤ 15.8 በመቶ ይሆናል። መሸኛ የወሰደ ሁሉ ገብቷል ማለት ስላልሆነ ከተቀባዩ ትምህርት ቤት አጣሩ።

መዝገቡም ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ድጎማ በተማሪ ቁጥር ስለሚሰላ የቀረ ልጅ ስም ለመሰረዝ የሚቸኩል የለም። በገበያ ቀንና በሁለት ተራ ቀናት ክፍል ገብታችሁ የተቀመጡትን አንድ በአንድ ቁጠሩ።

ከዚያ ቤት ለቤት ነው። ያቋረጡትን ብቻ ያነጋገረ ጥናቱን ከጅምሩ አበላሽቷል፤ እኩል ደሃ የሆነው ጎረቤት ልጁን እያስተማረ ይሁን አይሁን አያውቅምና። ላቋረጠ ለእያንዳንዱ ልጅ በዚያው ጎጥ የሚኖር፣ በጾታና በዕድሜ የሚቀራረበው፣ እየተማረ ያለ አንድ ልጅ ያዙ። የድጋፍ ደብዳቤውን ለቀበሌ አሳዩ እንጂ ሹም አታስከትሉ፤ ግብር ወይም የሴፍቲኔት ምልመላ ይመስላል፣ መልሱም በዚያው ልክ ይዛባል።

«ገቢያችሁ ስንት ነው?» አትበሉ። ስንት ጥማድ መሬት፣ ስንት በሬ፣ ስንት ላምና በግ እንዳላቸው ጠይቁ፤ ጣሪያው ሣር ይሁን ቆርቆሮ ራሳችሁ እዩ። ጥንድ በሬ ያለው ለብቻው ያርሳል፤ አንድ ያለው መቀናጆ ይፈልጋል። ግን ከብት ሲበዛ እረኛም ያስፈልጋልና፣ ሻል ያለ ኑሮ ካለው ቤትም ልጅ ቀርቶ ልታገኙ ትችላላችሁ። «ድህነት ነው» የሚለው ዝግጁ መልስ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ወላጅን መጀመሪያ «ለምን አቋረጠ?» ካላችሁት «ሰነፍ ነው» ብሎ ይገላግላችኋል። ይልቅ «ትናንት ከተነሣ ጀምሮ ምን ሲሠራ ዋለ?» በሉ። ውኃ ማን ቀዳ? ከብቱን ማን ጠበቀ? እሱ ባይኖር ማን ይተካው ነበር? ትናንት በዓል ከነበረ ስለ ሌላ የሥራ ቀን ጠይቁ። ልጁንም፣ ወላጁም እሱም ከፈቀዱ፣ ለብቻው አነጋግሩ።

ስትጽፉ 9 ቤት ከ9 ቤት ጋር አነጻጽራችሁ መቶኛ አታውጡ፤ «ከ9ኙ 6ቱ» ይበቃል። በስም ፈንታ መለያ ቁጥር ስጡ። እሱም ብቻውን አይሸሽግም፦ «ሴት፣ 14 ዓመት፣ አባቷ የሞተባት» ተብሎ ጎጧ ከተጠቀሰ ሪፖርቱን ያነበበ መምህር ሁሉ ማን እንደሆነች ያውቃል። የጎጡን ስም ከሪፖርቱ ሰርዙት።